የታጠነው ሌጦ

ግመሊቱ ለአራተኛ ጊዜ ቆመች። ሮብሌ ገመዱን በትከሻው ላይ አዙሮ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲስብ ተረከዙ ቀዩ አፈር ውስጥ ሰመጠ፤ እሷ ግን ረጅም አንገቷን ወደ መጡበት መልሳ አየሩን ታሸታለች። ከኋላ የምትነዳው እህቱ ቱስሞ በዘንጓ ታፋዋን ቸብ አደረገችና ልጁን ተቆጣችው።

«ጎትታት እንጂ፤ ምን ትለማመጣታለህ?»

«እየጎተትኩ ነው እኮ። እሷ ናት እምቢ ያለችው።»

«ፊቷን ያዝና አዙራት። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ሳትወጣ ያንን ግራር ማለፍ አለብን።»

ያንን ግራር ሲያልፉ ሌላ ግራር እንደምትጠቁመው ሮብሌ ያውቃል። ከማለዳ ጀምሮ ስታደርግ የዋለችው ይህንኑ ነው። ቢሆንም የግመሊቱን አገጭ በሁለት እጁ አቅፎ በጆሮዋ የሆነ ነገር አንሾካሾከላት፤ እሷም እያንገራገረች ተንቀሳቀሰች።

ቱስሞ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ሮብሌ ገና ዘጠኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት የሰፈሩ ወንዶች ለሸንጎ ከትልቁ ዛፍ ሥር ሲሰበሰቡ እሷ እንጨት ለቀማ፣ እሱ ግመል ጥበቃ የሚሄዱ መስለው በየፊናቸው ወጡ፤ ከኩይሳዎቹ ጀርባም ተገናኙ። ይዘው የወጡት አንድ ትንሽ የውኃ ስልቻ፣ ግሬራ የሚባል አንድ የወተት ማለቢያ፣ አንድ ሰሌን፣ በሰሌኑ የተጠቀለለ የግልገል ሌጦ፣ እንዲሁም ጉዱዶ የምትባለውን ይህችን ቀይ ግመል ነው። አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን የእንጨት ቃጭል ቱስሞ ሣር ጠቅጥቃ ድምፁን አፍናዋለች። ሥራው የሌባ ሥራ ነበር፤ ከሁሉ ይልቅ ያናደዳትም ይኸው ነው፤ ጉዱዶ የሮብሌ እንጂ የማንም አልነበረችምና።

ሮብሌ በተወለደ ዕለት አባቱ ወርፋ በዚያው ሳምንት የተወለደችውን ግልገል አስመጥቶ «ይህቺ የዕትብቱ ናት» ሲል በሰው ፊት ሰጠው። ከዚያ ወዲያ እሷም ከማህፀኗ የሚወጣውም የልጁ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ወርፋ በከብት ዘረፋ ተገደለ። ታላቅ ወንድሙ ቡልሃን እንደ ወጉ ሚስቱን ወረሰ። እሷም አምና በወሊድ ሞተችና ሁለቱ ልጆች ከነግመላቸው በቡልሃንና በመጀመሪያ ሚስቱ በሐዲዮ እጅ ወደቁ።

ሐዲዮ ክፉ ነበረች ማለት ነገሩን ማቅለል ነው። ክፉ ሰው አንዳንዴ ይደክመዋል፤ እሷ አይደክማትም። እናቱ በሞተች ሰሞን ሮብሌ ሌሊት ሰሌኑን በሽንት ያርስ ጀመር። ሐዲዮ ሁለት ቀን ታገሠች፤ በሦስተኛው ቀን ጨርቁን አስይዛ ከጎጆ አስወጣችውና በእሾህ በታጠረው የግልገሎች ጋጣ አስገባችው። «እዚያ ብታርሰው ማንም አይታዘብህም» አለችው። ዓመት ሙሉ እዚያው አደረ። ጠዋት ጠዋት ወተት ሊቀበል ሲመጣ አፍንጫዋን ይዛ «ግልገሉ መጣ» እያለች ልጆቿን ታስቃለች። ቡልሃን ይህን ሁሉ እያየ ጥርሱን በመፋቂያው ይፍቃል።

ዘመኑም ዘመን አልነበረም። ነጮቹ ወታደሮቻቸውን ሰብስበው ወደ ባሕሩ ዳር ከወረዱ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ አገሩን የሚዳኘው ውጅግራ የያዘ ሁሉ ሆኗል። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰባት ባለ ጠመንጃዎች ቡልሃን ደጅ በእንግድነት ስም ተቀመጡ። ሥጋ ካላገኙ መንጋውን ነድተው እንደሚሄዱ ለሁሉም ግልጽ ነበር። ሐዲዮ ጋጣው ውስጥ ገብታ ከስድስቱ ግልገሎች መካከል የጉዱዶን መረጠች። ሮብሌ ግልገሉን በአንገቱ አቅፎ አልለቅም ሲል ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ያስለቀቀችው ቱስሞ ራሷ ናት፤ ያን ጊዜ ሌላ ምን ማድረግ እንደምትችል አላወቀችም። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

ትዕግሥቷን የጨረሰው ግን ሌላ ነገር ነው። አራት ቀን ቆይቶ ወደ ባሕሩ ሊወርድ የተዘጋጀ አንድ ነጋዴ በሰፈሩ ነበር። ቡልሃን ሮብሌን ለዚህ ሰው ሊሰጠው፣ ሰውየው ደግሞ ወደ ዓደን ለሚሻገር የጀልባ ባለቤት ሊያስረክበው ተስማምተዋል። ሐዲዮ ለጎረቤቷ «አንድ አፍ ይቀነስልናል» ስትል ቱስሞ በጎጆው ግድግዳ በኩል ሰማች። ከዚያ በኋላ በሐሳቧ የነበረው አብቲ የሚሉት የእናታቸው ወንድም ሒርሲ ብቻ ነው። ሒርሲ ግመሎቹን የሚያጠጣው በኤል ጎራድ ጉድጓዶች ነው። እስከዚያ የሦስት ቀን መንገድ ነው፤ በመሃል አንዲት ጠብታ ውኃ የለም።

ውኃ ባይኖርም ጉዱዶ አለች፤ ዕቅዳቸው በሙሉ እሷ ላይ ነበር። ግልገሏ የሞተባት ግመል እንዲያው አትታለብም። የልጇ ሌጦ ደርቆ ይቀመጣል፤ በማለቢያ ሰዓት ፊቷ ሲዘረጋላት ታሸተዋለች፣ ልጇ የመጣ መስሏት ታጉረመርማለች፣ ያኔ ወተቷ ይወርዳል። ቱስሞ ሌጦውን ከሐዲዮ ጎጆ ስታወጣ ትልቁን ነገር የጨረሰች መስሏት ነበር።

አሥር ሰዓት ገደማ ከአንድ ብቸኛ ግራር ሥር ቆሙ። የጉዱዶ ግት ሞልቶ ተወጥሯል። በዚያ አገር ግመል የሚያልበው ወንድ ብቻ ነውና ግሬራውን የያዘው ሮብሌ ነው። እንደ ትልልቆቹ ወንዶች በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ሌላውን እግር ጉልበቱ ላይ አጥፎ፣ ግሬራውን ጭኑ ላይ አስደገፈ። ትንሽ ተንገዳገደና ተስተካከለ። ቱስሞ ሰሌኑን ፈታ ሌጦውን ከግመሊቱ አፍንጫ ሥር ዘረጋችው።

ጉዱዶ አሸተተች። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች፤ እንደገና ቀርባ አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ሮብሌ ጡቷን ሲነካ ረግጣው ግሬራው አፈር ላይ ተንከባለለ።

«ደግመሽ አሳያት» አለ ሮብሌ። «ሳታየው ቀርታ ነው።»

ቱስሞ ደግማ ዘረጋችው፤ ፊቷ ላይ አሻሸችላት። ግመሊቱ አስነጠሳት። ሮብሌ መጥቶ አፍንጫውን ሌጦው ላይ ደቀነና ግራ ተጋብቶ እህቱን አያት።

«ምን አድርገሽዋል? የወተት ዕቃ ነው የሚሸተው።»

ያን ጊዜ ገባት። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ምሽት ሌጦውን ስታወጣ ትል ወድቆበት፣ ግም ግም እያለ ነበር። ቱስሞ ባለሙያ ልጅ ናት። እናቷ ስታሳድጋት ከሁሉ አስቀድማ ያስተማረቻት የወተት ዕቃ ማጠን ነው፤ ሐዲዮ እንኳ በዚህ አቃቂር አታወጣላትም። ወደ አብቲዋ ቤት የሚገማ ነገር ይዛ መግባት አሳፈራት። ስለዚህ ሌጦውን በአመድ ፈተገችው፤ ቅሉንና ግሬራውን በምታጥንበት እንጨት ፍም ላይ አገላብጣ እስኪጠቁር አጠነችው። ትሉ ሞተ፤ ግማቱ ጠፋ። ከግማቱ ጋር ግልገሉም አብሮ ጠፋ።

ይህን ለወንድሟ ስትነግረው ድምፁ ሳይሰማ አለቀሰ። ቆጣ ብሎ ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እሷም በሌጦው ነገር የምትቆጣው ሰው ፈለገች፤ ግን በማን ላይ ትቆጣለች? ከስልቻው ሁለት ሁለት ጉንጭ ጠጡና ገመዱን አንስተው እንደገና ሄዱ። ተቀምጦ ማሰቡን አልቻለችውም። እግሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር ትንፋሽ የምታገኘው።

በማግስቱ እስከ ረፋድ ድረስ ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጉዱዶ እምቢ አለች። ግቷ ከመወጠሩ የተነሣ እግሯን አንፈራጥጣ ትራመዳለች። ሌጦው ስለሚያስቆጣት ቱስሞ ጠቅልላ ኋላ ኋላ ያዘችው። ስልቻው ውስጥ የቀረው ስታናውጠው የሚሰማ እንጂ ሲጠጣ የሚሰማ ውኃ አልነበረም። ሜዳው በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት ነው፤ ቢጫ ሣር፣ ቀይ ኩይሳ፣ አልፎ አልፎ ግራር። በልቧ መንገዱን ትለካዋለች፦ ወደ ኋላ አንድ ቀን ተኩል፣ ወደ ፊት አንድ ቀን ተኩል። ወደ ኋላ ቢመለሱ ግመሊቱ ራሷ እየሮጠች ትወስዳቸዋለች። ሮብሌን የሚጠብቀው ጀልባው ነው። ወደ ፊት ቢሄዱ ደግሞ ልጁን ሜዳው ላይ እገድለዋለሁ ብላ ፈራች። ሁለቱንም ማሰብ ስለማትፈልግ የሚቀጥለውን ግራር ትጠቁማለች።

እኩለ ቀን ላይ ሮብሌ ወደቀ። ወደቀ ማለት እንኳ አይደለም፤ ከአንድ ቁጥቋጦ ሥር ገብቶ «ትንሽ ልተኛ፣ አባዮ» አላት፤ እህቱን በፍቅር ሲጠራ አባዮ ነው የሚላት። የለበሳትን ያቺን አንድ አቡጀዴ ከላዩ አውልቆ ቁጥቋጦው ላይ ጥላ ትሆነው ዘንድ ዘረጋት። አቡጀዴዋ ነጭ የነበረችበት ጊዜ ተረስቷል። ቱስሞ ፈቀቅ ብላ ተቀመጠችና ጉዱዶን በገመዷ ያዘች። ገመዱ እጇ ውስጥ ሲሳብ ግመሊቱ ወደ ሰፈሯ ልትመለስ መስሏት ልታስቆማት ተነሣች።

ጉዱዶ ግን የምትሄደው ወደ ቁጥቋጦው ነበር። አንገቷን ዝቅ አድርጋ አቡጀዴዋን ከዳር እስከ ዳር አሸተተቻት። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ከደረቷ ውስጥ ያ ከሰፈር ከወጡ ወዲህ ቱስሞ ያልሰማችው፣ ለልጇ ብቻ የምታሰማው ዝቅ ያለ ማጉረምረም ወጣ። ከግቷ ላይ ሁለት ጠብታ ነጭ ነገር አፈሩ ላይ ወደቀ።

«ሮብሌ ተነሥ» አለች፤ ጮክ ማለት ፈራች። «ተነሥ፣ ግሬራውን ያዝ፤ ቀስ ብለህ።»

ልጁ ከእንቅልፉ ተነሣ። በአንድ እግሩ ቆመ። ወተቱ ግሬራው ውስጥ ሲወርድ የሚያሰማውን ድምፅ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው አዳመጡ። ጠጡ። ደግሞ አለበ፤ ደግመው ጠጡ። ሮብሌ ከንፈሩ ላይ አረፋ ይዞ ሳቀ፤ ቱስሞም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ተቋረጠ። ያ ጨርቅ ለምን ግልገሉን እንደሚሸት ታውቃለች። ዓመት ሙሉ ልጁ ግልገሉን አቅፎ ያደረው በዚያ ጨርቅ ነው። ሐዲዮ አፍንጫዋን የምትይዝበት ሽታ አሁን ሕይወታቸውን አተረፈ፤ ቱስሞ ግን ለማመስገን ልቧ እምቢ አላት። እሷ ራሷ ስንት ጊዜ «ታጠብ እንጂ፣ ታሳፍረኛለህ» ብላው ነበር።

ያን ቀንና የማግስቱን ጠዋት እንዲያ ሆነው ተጓዙ። ጉዱዶም ፊቷን ወደ ኋላ ማዞር ተወች፤ ሮብሌ ፊት ፊት ሲሄድ ገመዱ ሳይወጠር ትከተለዋለች።

ቡልሃን የደረሰባቸው በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ነው። ቱስሞ አቧራውን ቀድማ አየችው፤ አቧራው ሥር አንድ ፈረስ ብቻ መሆኑንም ለየች። የሚደበቁበት አልነበረም። ኤል ጎራድ ያለችበት ሰማያዊ ጉብታ ከፊታቸው ይታይ ነበር፤ ከፀሐይ መግቢያ በፊት ይደርሱበታል፤ ለፈረስ ግን ሜዳው ጠባብ ነው። ሮብሌ መሮጥ ጀመረና ገመዱ ሳበው፤ ቆመ።

ቡልሃን ከፈረሱ ወረደ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ውጅግራውን ከትከሻው አላወረደም። ማንንም ይዞ አልመጣም፤ የወንድሙ ልጆች ከቤቱ ጠፉ ሲባል በየሰፈሩ በግጥም እንደሚዘፈንበት ስለሚያውቅ ሸንጎውን «ግመል ጠፍታብኝ ነው» ብሎ ተነሥቶ የወጣ ሰው ነው። ቱስሞ ወንድሟን ከኋላዋ አደረገችው። ይመታናል ብላ ዘንጓን ጨበጠች። እሱ ግን አጠገባቸው አልፎ ግመሊቱ ጋር ሄደ፤ ግቷን ዳበሰ፤ እግሮቿን አየ። የልጆቹን እግር አላየም።

«ሌጦው የታለ?» አለ። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

ሰጠችው። ወስዶ ግመሊቱ ፊት ያዘው፤ ጉዱዶ አስነጠሳትና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቡልሃን ሌጦውን አሸተተ፤ ከዚያ ቱስሞን ቀና ብሎ አያት። የተጠማ ሰው ነው፤ ውኃው ትናንት አልቋል፤ በወተት ነበር ተስፋው።

«አጥነሽዋል?»

«አዎ።»

«የግመል ሌጦ?»

«ትል ወድቆበት ነበር።»

ሌጦውን መሬት ላይ ጣለው። በሌላ ቀን ቢሆን ይህ ለሰፈሩ ወንዶች የዓመት ሳቅ ይሆን ነበር፤ ያን ቀን ግን ማንም አልሳቀም። «ታዲያ በምን ኖራችሁ?» ሲል ጠየቀ። ቱስሞ ምስጢሩን ልትነግረው አልፈለገችም። ሮብሌ ግን ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የሠራውን ለማሳየት ልቡ ቸኮለ። ምናልባትም የአባቱ ወንድም ሲጠማ ማየት አልቻለም። ሳይጠየቅ ወደ ግመሊቱ ሄዶ ጨርቁን አስሸተታት፤ በአንድ እግሩ ቆሞ አለበና ግሬራውን በሁለት እጁ ለቡልሃን አቀረበ።

ቡልሃን ሳያቋርጥ ጠጣ። ሲጨርስ ግሬራውን ይዞ ልጁን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ቱስሞ ይህን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ገበያ ላይ ከብት የሚያይ ሰው አስተያየት ነው።

«ልጁ ከኔ ጋር ይመለሳል» አለ። «ባሕሩ ቀርቷል። በቤቴ እንደ እሷ ወተት የምትሰጥ የለችም፤ ያለ እሱ አትታለብም። ጋጣው ውስጥ እንደነበረ ይሆናል።»

«እኔስ?» አለች ቱስሞ።

«አንቺ እንደፈለግሽ። ብትፈልጊ ወደ አብቲሽ ሂጂ።»

ሮብሌ የእህቱን ልብስ ጨበጠ። ጀልባው ቀረ የተባለው ግማሽ ደስታ ፊቱ ላይ ሳይጠፋ ጋጣው የሚለውን ቃል ሰምቶ ነበር። ቱስሞ የተሰማት ቁጣ እስካሁን ከተሰማት ሁሉ የተለየ፣ ቀዝቃዛ ነበር። ለሦስት ቀን የሮጠ እግሯ አሁን ጸጥ ብሎ ቆመ።

«አዴር፣ ያ ጨርቅ ለምን ግልገል ግልገል እንደሚል ታውቃለህ?» አለችው። አዴር ማለት የአባት ወንድም ነው፤ ባገሩ ልማድ እሱም የወንድሙን ልጅ መልሶ አዴር ብሎ ነው የሚጠራት። ቡልሃን ግን አባታቸው ከሞተ ወዲህ ጠርቷት አያውቅም።

«አውቃለሁ» አለ።

አላወቅኩም ይላል ብላ ነበር የጠበቀችው። ለዚያ የሚሆን መልስም አዘጋጅታ ነበር። ላወቀ ሰው ምን ይባላል?

«እንግዲያው ልጁን ምን ያደርግልሃል?» አለች። «አንተ የምትፈልገው ሽታውን ነው። ሽታውን ውሰድ። ጨርቁን እንሰጥሃለን፤ እሱ ከኔ ጋር ይሄዳል። ሸንጎ ላይ ሲጠይቁህ እናት የሌላቸውን ልጆች ወደ አብቲያቸው ሰደድኳቸው ትላለህ። እኛም አዴር በሰላም ሸኘን እንላለን። ማንም አይዘፍንብህም።»

ቡልሃን መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «በጨርቅ ብቻ እሺ ባትልስ?»

«እናያለን።»

ወደ ወንድሟ ዞረች። ሮብሌን አቡጀዴዋን አስወለቀችው፤ የራሷን መጎናጸፊያ ትከሻው ላይ ጣለችለትና ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ፣ ሽታው ለግመሊቱ ወደማይደርስበት ኩይሳ ጀርባ ላከችው። ልጁ እየዞረ እያያት ሄደ። ከዚያ እሷ ጨርቁን ያዘች፤ ቡልሃን በአንድ እግሩ ቆመ።

ጉዱዶ ጨርቁን አሸተተች። ቀና ብላ ዙሪያውን አየች፤ ልጁን ፈለገችው። ቱስሞ በልቧ «ተይው፤ አትፈልጊው» እያለች ለመነቻት። ግመሊቱ እንደገና ዝቅ አለች፤ እንደገና ቀና አለች። በዚያች ቅጽበት እምቢ ብትል የወንድሟ ዕድሜ ጋጣ ውስጥ ያልቃል። ቱስሞ ጨርቁን አጥፋ አጥፋ፣ ግልገል እንደሚታቀፍ አድርጋ ደረቷ ላይ አቀፈችው። ጉዱዶ አፍንጫዋን እጥፋቱ ውስጥ ቀበረችና ቆየች። ከዚያ አጉረመረመች።

ወተቱ ወረደ። ቡልሃን ግሬራውን እስከ አፉ ሞላው፤ ሞልቶም ማለቡን ቀጠለ፤ አረፋው በጭኑ ላይ ፈሰሰ።

ሲጨርስ ግሬራውን ለእሷ ሰጣት። «ጠጡት። እስከ ጉድጓዱ ያደርሳችኋል» አለ። ጨርቁን ተቀብሎ ኮርቻው ላይ አሰረ። ፈረሱ ላይ ከወጣ በኋላ ሳያያት «ወተቷን ነው የምወስደው፤ ግመሏ የሱ ናት። ወርፋ ሲሰጠው እኔም ነበርኩ» ሲል አከለ። ቱስሞ አላመነችውም፤ ሮብሌ ከኩይሳው እየመጣ መስማቱ ግን ደስ አሰኛት። ቡልሃን ልጓሙን ሳበና ለአፍታ ቆመ። «በደኅና ግቢ፣ አዴር» አለ፤ ከዚያ ፈረሱን አዞረ።

ጉዱዶ ልታንገራግር ነው ብለው ነበር። ግን ጨርቁ ኮርቻው ላይ ነው፤ አፍንጫዋን ወደ እሱ ዘርግታ ያለ ገመድ ተከተለችው። አንድ ጊዜም ዞር አላለችም።

ሮብሌ ይህን ሲያይ በድንገት ሮጠ። መጎናጸፊያው ከትከሻው ወደቀ። ቱስሞ አብሯቸው ሊሄድ መስሏት በስሙ ጠራችው፤ አልሰማም። ደርሶ በግመሊቱ አንገት ተንጠለጠለና ጣቶቹን ወደ ቃጭሉ አፍ ከተተ። ሦስት ቀን ሙሉ የታፈነበትን ሣር ጎትቶ ጎትቶ አወጣው። ጉዱዶ ራቁት ትከሻውን አሸተተችው፤ ትንሽ ግራ የገባት መሰለች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ኮርቻው መለሰች። ልጁ ለቀቃት።

ሣሩን በጭብጡ እንደያዘ ወደ እህቱ ተመለሰ። ቃጭሉ ከኋላው ኳ ኳ ይላል። ቱስሞ መጎናጸፊያዋን ከመሬት አንሥታ አራግፋ አለበሰችው፤ ግሬራውን ሰጠችው፤ ግማሹን ጠጣና ግማሹን መለሰላት። ከዚያ ወደ ጉብታው አቀኑ። ግራር አልጠቆመችለትም። እሱም ወደ ኋላ አላየም፤ ግን የቃጭሉ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ ብሎ፣ እግሩ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ ሲራመድ አየችው።

ድምፁ ከጠፋ በኋላ ብዙ ሄዱ። የኤል ጎራድ አቧራ ታይቶ ግመል የሚያጠጡት ሰዎች ዜማ ከሩቅ መሰማት ሲጀምር ሮብሌ እጇን ያዘ።

«አባዮ፣ አብቲ ሒርሲ ቤት ግልገሎች አሉ?»

«ብዙ አሉ።»

ጥቂት ተራመደ። ጭብጡን ከፍቶ ሣሩን ጣለ።

«ከነሱ ጋር አላድርም» አለ። «ባርስም እንኳ ካንቺ ጋር ነው የማድረው።»

«ከኔ ጋር ነው» አለችው።